በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምን ይገጠም? የሚረጭ ፎምና አማራጮቹ ሲነጻጸሩ

የቆርቆሮ ጣሪያ ቀላል፣ በቶሎ የሚገጠምና ዝናብን በሚገባ የሚመልስ በመሆኑ በኢትዮጵያ ከተሞች አብዛኛው መኖሪያ ቤት፣ መጋዘንና ትምህርት ቤት የተከደነው በእርሱ ነው። ይሁን እንጂ ቆርቆሮ ውኃን እንጂ ሙቀትን አይመልስም። በቀትር ይግላል፤ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ከውጭው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከሥሩ የተቀመጡ ሰዎች ተጯጩኸው እንኳ አይደማመጡም። ቀደም ባለው ጊዜ ለዚህ ሁሉ የነበረው መልስ ኮርኒስ መምታት ነበር። ዛሬ ግን ቤት የሚሠራም ሆነ የሚያድስ ሰው የሚረጭ ፎም፣ ግላስ ዉል (የመስታወት ሱፍ)፣ ነጭ ፎም ቦርድ፣ የአሉሚኒየም ፎይልና ሳንድዊች ፓናል ይቀርቡለታል፤ የሻጮቹም ንግግር አንድ ነው፦ ሙቀትም፣ ብርድም፣ ድምፅም ይከላከላል።

ከዚህ በታች አማራጮቹ በተመሳሳይ መመዘኛ ይታያሉ። ለሚረጨው ፎም ሰፋ ያለ ቦታ የተሰጠው በሁለት ምክንያት ነው። በአግባቡ ከተሠራ በእኩል ውፍረት ሙቀትን በመከላከል ከአብዛኞቹ ይበልጣል፤ ከተበላሸ ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ መመለሻው አስቸጋሪ ነው። ለአብዛኛው መኖሪያ ቤት የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን አይገባውም የሚለው የጸሐፊው አቋም የመጣውም ከዚህ ከሁለተኛው ነው።

መጀመሪያ ችግሩን መለየት

ገዢው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ የሚያስቸግረው የቀን ሙቀት ነው፣ የሌሊት ብርድ ነው፣ የዝናብ ድምፅ ነው ወይስ ማለዳ ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ላብ? አራቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት የላቸውም። በድሬዳዋ፣ በሰመራና በጋምቤላ ጭንቁ ሙቀት ነው። በደብረ ብርሃን ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ችግር የሌሊት ውርጭና ላብ ነው። በአዲስ አበባ ቀትር ላይ የሚሞቀው ቤት ማታ ብርድ ልብስ የሚያስደርብ ሲሆን፣ ብዙ ሰው አብልጦ የሚያማርረው ግን የሐምሌና የነሐሴን ጩኸት ነው።

ከዚህ ቀጥለው የሚመጡት መመዘኛዎች የሚከተሉት ናቸው። ዕቃው እሳት ሲነካው ምን ይሆናል? እርጥበት ሲያገኘውስ? ከላዩ ያለው ቆርቆሮ ቢያፈስ ቀዳዳው ይታያል ወይስ ይደበቃል? አንድ ጎበዝ አናጺ ሊሠራው ይችላል ወይስ ልዩ ማሽንና የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል? ቤቱ ቢፈርስ ወይም ተከራዩ ቢለቅ ዕቃው ተነቅሎ ይወሰዳል? ዋጋ በመጨረሻ ይምጣ እንጂ በመጀመሪያ አይምጣ፤ ሲመጣም «በካሬ ስንት ነው?» ተብሎ ብቻ ሳይሆን «በካሬ ስንት ብር ከፍዬ ምን ያህል መከላከያ አገኛለሁ?» ተብሎ ይጠየቅ።

ስለ ውፍረት አንድ ስሌት

ሙቀት በአንድ ዕቃ ውስጥ በቀላሉ ማለፍ አለማለፉ በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በዕቃው ባሕርይና በውፍረቱ። ቆርቆሮ ብረት ስለሆነና ውፍረቱም ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ ሙቀትን የመከላከል አቅሙ ከምንም አይቆጠርም። 2.5 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ የሚረጭ ፎም የሚሰጠውን መከላከያ ለማግኘት ከግላስ ዉል ወይም ከነጭ ፎም ቦርድ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ችፑድ ግን ለብቻው የዚህን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ችፑድ ኮርኒስ ቤቱን የሚጠቅመው በአመዛኙ በእርሱና በቆርቆሮው መካከል በሚፈጠረው የአየር ክፍተት ነው።

ኮርኒስ የሌለውና 100 ካሬ ጣሪያ ያለው ቤት እንውሰድ። ዝገት የያዘው ወይም ጠቆር ያለ ቀለም ያለው ቆርቆሮ በጠራራ ፀሐይ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢደርስና ቤቱ ውስጥ 28 ዲግሪ ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ወደ 190 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ወደ ታች ይወርዳል። በጠቅላላው 19 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል፤ ይህም በርከት ያሉ የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ተሰክተው ከጣሪያ ላይ እንደተሰቀሉ ያህል ነው። ከቆርቆሮው ሥር 2.5 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ ፎም ሲኖር ይኸው ቁጥር በካሬ ወደ 27 ዋት ይወርዳል። ውፍረቱ በእጥፍ አድጎ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደግሞ ወደ 15 ዋት ይደርሳል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው 2.5 ሴንቲ ሜትር ከ160 ዋት በላይ ሲቀንስ፣ ተመሳሳይ ዋጋ የሚከፈልበት ሁለተኛው 2.5 ሴንቲ ሜትር የቀነሰው 12 ዋት ብቻ ነው። ኤር ኮንዲሽነር ቀን ከሌት ለሚሠራበት ቤት ወይም ለማቀዝቀዣ መጋዘን ይህ 12 ዋት ዋጋ አለው። በአዲስ አበባ ወይም በሐዋሳ መስኮት ከፍቶ ለሚኖር ሰው ግን ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢውል ይሻላል። ሁለተኛው ቁም ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ 2.5 ሴንቲ ሜትር ፎም እና 4 ሴንቲ ሜትር ግላስ ዉል እኩል ከሆኑ፣ በኮርኒስና በቆርቆሮ መካከል ሜትር የሚጠጋ ባዶ ቦታ ላለው ቤት የፎም ቀጭንነት የሚከፈልበት ጥቅም አይደለም። ቀጭንነት የሚጠቅመው ቦታ በጠበበበት ነው።

የሚረጭ ፎም

በገበያ ላይ «ፎም» የሚለው ስም ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያካትታል። በጣሳ እየተሸጠ በበርና በመስኮት ዙሪያ ያለውን ክፍተት የሚሞላው አንዱ ነው፤ ይህ ለስንጥቅ እንጂ ለጣሪያ የተሠራ አይደለም፤ ጣሪያ በጣሳ ፎም እሸፍናለሁ የሚል ሠራተኛ ቢመጣ በደኅና መሸኘት ነው። የቀሩት ሁለቱ በማሽን የሚረጩ ፖሊዩሬቴን ናቸው። ለስላሳው፣ ማለትም ክፍት ሕዋስ ያለው፣ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድና በኪዩቢክ ሜትር 10 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ነው። ጠንካራው፣ ማለትም ዝግ ሕዋስ ያለው፣ በኪዩቢክ ሜትር ከ30 እስከ 40 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ እንፋሎትም እንደ ልቡ አያሳልፍም። ለቆርቆሮ ጣሪያ የሚነጻጸረው በዋናነት ይኸው ጠንካራው ነው፤ ለስላሳው ድምፅን በመምጠጥ ቢበልጥም፣ የቤቱ እርጥበት በውስጡ አልፎ ከቀዝቃዛው ብረት ስለሚደርስ በብርዳማ አካባቢ ቆርቆሮውን ከሥር ያስልበዋል።

የጠንካራው ፎም ትልቁ ብልጫ ከራሱ ከቆርቆሮው ጋር መጣበቁ ነው። ላብ የሚፈጠረው የቤቱ ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ነው፤ እንጀራ በሚጋገርበት፣ ውኃ በሚፈላበት ወይም ብዙ ሰው በሚተኛበት ቤት ይህ አየር በእንፋሎት የተሞላ ነው። ፎሙ ክፍተት ሳይተው በአየሩና በብረቱ መካከል ስለሚገባ የሚንጠባጠበው ነገር ይቆማል። በተጨማሪም በግድግዳና በጣሪያ መጋጠሚያ የሚገባውን ነፋስና አቧራ ይዘጋል፤ እንደ ኮንቴይነር ሱቅና እንደ ቅስት ጣሪያ ያለ ቦርድ ተቆርጦ የማይገጥምበት ቅርጽ ላይም ያለ ችግር ይያዛል።

ጉዳቱን በተመለከተ መጀመሪያ የሚነሳው እሳት ነው። ፖሊዩሬቴን ማቀጣጠያውን ካገኘ ይነድዳል፤ ጢሱም ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳይናይድ ያለበት በመሆኑ ከነበልባሉ ቀድሞ ሰው ይገድላል። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ሕንጻ ደንብ ፎምን ከመኖሪያው ክፍል በግማሽ ኢንች፣ ማለትም በ12.7 ሚሊ ሜትር ጂፕሰም ቦርድ ወይም በተመጣጣኝ መከላከያ እንዲሸፈን የሚያስገድደው በዚህ ምክንያት ነው። «እሳት አይዘውም» የሚለው የሻጭ ቃል ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው ነበልባል እንዳይዛመት የሚያዘገይ ኬሚካል መጨመሩን ነው፤ ያ ደግሞ ከመሸፈን ነጻ አያደርገውም። ፎሙ እንደተረጨ ተትቶ ሥሩ ማድ ቤት፣ ጋራዥ ወይም የብየዳ ሥራ ያለበት ቤት መኖር የለበትም። የኤሌክትሪክ ሽቦም በቱቦ ሳይገባ በፎም ቢቀበር ሙቀቱን የሚያስወጣበት መንገድ ስለሚያጣ አደጋ ይሆናል።

ሁለተኛው መደበቁ ነው። የቆርቆሮ ሚስማር ጎማው ሲደርቅ ወይም ኮልሞው (የጣሪያው አናት መክደኛ) ሲላላ ውኃ መግባት ይጀምራል። ኮርኒስ ባለው ቤት እድፉ በቦታው ስለሚታይ ሠራተኛ ወጥቶ ይደፍነዋል። ፎም ባለበት ግን ውኃው በፎሙና በብረቱ መካከል እየሄደ ከገባበት ርቆ ይወጣል ወይም ከነጭራሹ ሳይወጣ እየዛገ ይቆያል። የብዙዎቹ ቤቶቻችን ሞራሌና ካፕሪያታ (ቆርቆሮውን የሚሸከመው የጣሪያ እንጨት) የባሕር ዛፍ ነው፤ ሳይደርቅ በፎም የታፈነ እንጨት ይበሰብሳል፤ ምስጥ ቢገባበትም የሚያየው የለም። በብሪታንያ ብዙ የሞርጌጅ አበዳሪዎች ጣሪያው በፎም ለተረጨ ቤት ብድር ለመስጠት የሚያቅማሙት ወይም እምቢ የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ገምጋሚው የጣሪያውን እንጨት ማየት አይችልም። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ኪሳራ አለ። አሮጌ ቆርቆሮ ሲነሳ ወይ ለሰርቪስ ቤትና ለአጥር ይውላል ወይ ቆራሌው ይወስደዋል፤ ፎም የተጣበቀበት ግን ለማንም አይሆንም።

ሦስተኛው፣ በጽሑፍ ላይ ካለው ጥራት ይልቅ ወሳኙ የረጪው እጅ መሆኑ ነው። ፎሙ ፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣ ዕቃ ሳይሆን እዚያው ጣሪያ ሥር ከሁለት ፈሳሾች የሚወለድ ዕቃ ነው። ፈሳሾቹ በእኩል መጠን፣ በተወሰነ ሙቀትና ግፊት መቀላቀል አለባቸው። መብራት በሥራው መካከል ቢጠፋ የቱቦው ሙቀት ይወርዳል፣ ሚዛኑም ይዛባል፤ ስለዚህ የራሱ ጄኔሬተር የሌለው ድርጅት ለዚህ ሥራ አይሆንም። አዲስ ቆርቆሮ ላይ ያለው ስስ ቅባት ካልታጠበ፣ አሮጌው ላይ ያለው ዝገት ካልተፋቀ ወይም ብረቱ እርጥብ ከሆነ ፎሙ ለጊዜው ይያዝና በኋላ ይላቀቃል። ማለዳ ላብ ባለበት ቆርቆሮ ላይ ሥራ መጀመር፣ በተለይ በደጋ፣ ገንዘብ መጣል ነው።

የተበላሸ ፎም በዓይንና በአፍንጫ ይታወቃል። ዓሣ ዓሣ የሚል ሽታ ከቀናት በኋላም ካልጠፋ፣ ሲነኩት የሚለጠፍ ወይም የሚሰረጉድ ቦታ ካለ፣ ወይም በተቃራኒው እንደ ብርጭቆ የሚሰባበርና የጠቆረ ከሆነ ሚዛኑ ተዛብቷል። ከሞራሌው እየተሸሸ መስመር የመሰለ ክፍተት ከፈጠረ ተኮማትሯል። ሲቆረጥ መሐሉ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ቢመስል በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ ወፍሮ ተረጭቷል፤ ፎሙ ሲያብጥ የራሱን ሙቀት ስለሚያመነጭ 5 ሴንቲ ሜትር የሚፈልግ ሰው በአንድ ንብርብር ሳይሆን እያቀዘቀዘ በሁለት ንብርብር ማስረጨት አለበት።

ጤናን በተመለከተ፣ ከሁለቱ ፈሳሾች አንደኛው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ነው። ለሳንባ አደገኛ ነው፤ አንድ ጊዜ ሰውነቱ የተቆጣ ሰው ከዚያ በኋላ በጥቂቱ እንኳ አስም ሊነሳበት ይችላል። ረጪው ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያገባ ሙሉ ጭንብል ማድረግ አለበት፤ የጨርቅ ማስክ ምንም አይጠቅምም። የቤቱ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ በዚያው ግቢ ያሉ ተከራዮችም ቢያንስ ለ24 ሰዓት መውጣት፣ ቤቱም በሚገባ መናፈስ ይኖርበታል። ጤዛ የመሰለው ብናኝ ጎረቤት የቆመ መኪና ላይ ካረፈ በቀላሉ አይነሳም። ፎሙ ሙሉ በሙሉ ከበሰለ በኋላ ግን ኬሚካሉ ወደ ጠጣርነት ስለሚለወጥ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል።

ውል ላይ ሊጻፉ ከሚገባቸው ነገሮች ዋናው ልኬቱ ነው። ቦይ ቦይ ያለው ቆርቆሮ ተዘርግቶ ቢለካ ከሚሸፍነው የተዳፋት ስፋት 13 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ስለዚህ «በካሬ» የተባለው የጣሪያው ተዳፋት ስፋት ነው ወይስ የብረቱ የተዘረጋ ስፋት የሚለው አስቀድሞ ካልተለየ ክፍያው ላይ ጭቅጭቅ አይቀርም። ውፍረቱ «በአማካይ» ሳይሆን «ቢያንስ» ተብሎ ይጻፍ። ለመቆጣጠርም ቀላል መንገድ አለ፦ በየ10 ካሬው ቀጭን ሽቦ ብረቱን እስኪነካ ሰክቶ መለካት። ሌላው መቆጣጠሪያ ክብደት ነው፤ 100 ካሬ በ3 ሴንቲ ሜትር ማለት 3 ኪዩቢክ ሜትር ፎም ማለት ነው፤ በኪዩቢክ ሜትር 35 ኪሎ ግራም ቢመዝን 105 ኪሎ ግራም ፈሳሽ ከበርሜሉ መውጣት አለበት፤ የብክነት ሲጨመር ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በሥራው መጀመሪያና መጨረሻ በርሜሎቹ ቢመዘኑ ማን ምን እንደረጨ ይታወቃል። የመጨረሻው ክፍያ ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት፣ ልኬቱ ካለቀ በኋላ ብቻ ይፈጸም። ፎሙን ለሚያሳብጠው ጋዝም ትኩረት ይሰጠው፤ ኤችሲኤፍሲ-141ቢ የተባለው የቆየ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከአገልግሎት እየወጣ ያለ ነው፤ ርካሽ ሆኖ የመጣ በርሜል ሲገኝ ምን እንዳለበት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ግላስ ዉል እና ሮክ ዉል

ግላስ ዉል ከቀለጠ መስታወት፣ ሮክ ዉል ከቀለጠ ድንጋይ የሚፈተሉ ጭረቶች ናቸው፤ በጥቅል ወይም በቦርድ ይሸጣሉ። ከኮርኒስ በላይ በሞራሌዎቹ መካከል ይዘረጋሉ። አይነድዱም፤ ሮክ ዉል በተለይ ከፍተኛ ሙቀት ይቋቋማል። የዝናብን ድምፅ በመቀነስም ከሁሉ የሚሻለው አማራጭ ይኸው ጭረት ከከባድ ኮርኒስ ጋር ሲጣመር ነው፤ ጭረቱ ድምፁን ይውጣል፣ የጂፕሰም ቦርዱ ክብደት ደግሞ የቀረውን ያግዳል። ጠንካራ ፎም ቆርቆሮው እንዳይንቀጠቀጥ በመያዝ ጩኸቱን ወደ ድብደባ ይለውጠዋል እንጂ አያጠፋውም።

ድካሙ እርጥበት ነው። የቤቱ እንፋሎት በኮርኒሱ አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ ቆርቆሮው ላይ ወደ ውኃነት ተለውጦ በሱፉ ላይ ይንጠባጠባል፤ የራሰ ሱፍ ደግሞ ይሰጥማል፣ ሙቀት መከላከሉንም ያቆማል። ስለዚህ በደጋ አካባቢ ከሱፉ በታች፣ በሞቃቱ የቤቱ ወገን፣ ፕላስቲክ መዘርጋትና በሱፉና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚዘዋወርበት ክፍተት መተው ግዴታ ነው። ፕላስቲኩን ከላይ የሚያደርጉ ሠራተኞች አሉ፤ ይህ እንፋሎቱን ሱፉ ውስጥ ማሰር ነው። አይጥም ጎጆ ልትሠራበት ትወዳለች፤ ከአሸንዳው አጠገብ ያለው ክፍተት በወንፊት ይዘጋ። ሲገጠም ቆዳና ጉሮሮ ስለሚያሳክክ ጓንት፣ ማስክና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። ከዚህ ውጭ ማንኛውም ጠንቃቃ አናጺ ሊሠራው ይችላል፤ ቤቱ ሲፈርስም ተጠቅልሎ ይወሰዳል።

ነጭ ፎም ቦርድ

ዕቃ ማሸጊያ ሆኖ የምናውቀው ፖሊስታይሪን ነው። ቀላል ነው፣ በቢላዋ ይቆረጣል፣ ውኃም ቶሎ አይጠጣም፤ ለሙቀት ያለው ብቃት ከግላስ ዉል ጋር ተቀራራቢ ነው። በቦርዶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ግን የሰዎች ቸልታ የሚታይበት ነው፤ አንድ ጣት የምታስገባ ክፍተት በየመገጣጠሚያው ከቀረች የተከፈለው ገንዘብ ግማሹ በዚያ በኩል ይሾልካል። ቤንዚን ያለበት ማጣበቂያ ያቀልጠዋል። እሳት ሲነካው እየቀለጠ፣ እየነደደና እየተንጠባጠበ ስለሚወርድ እርሱም እንደሚረጨው ፎም ሳይሸፈን መቆየት የለበትም። ለዶሮ ቤት የሚያስበው ሰው ደግሞ ዶሮዎች አጥብቀው እንደሚነቁሩት ይወቅ። ለድምፅ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው።

ፎይልና ነጭ ቀለም

ሁለቱም የሚሠሩት የፀሐይን ሙቀት በመመለስ ስለሆነ አብረው ይታዩ። ፎይል የሚጠቅመው በአጠገቡ ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል የአየር ክፍተት ሲኖር ብቻ ነው፤ ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ፣ ከሥሩም በኮርኒስ ተጨፍልቆ የተገጠመ ፎይል ሌላ ስስ ብረት ከመሆን አያልፍም። የሚያብረቀርቀው ፊት ወደ ላይ ከሆነ አቧራ ይሸፍነዋል፤ ወደ ታች፣ ወደ ባዶው ክፍተት ቢያይ ግን ለዓመታት ይሠራል። በቀን ጥሩ፣ በሌሊት ደካማ ነው። ነጭ ቀለም በበኩሉ የፀሐይን ጨረር አብዛኛውን ይመልሳል፤ ብርድንና ድምፅን አይነካም፤ በየጥቂት ዓመቱም መታደስ ይፈልጋል። ለቆላ ከተማና ለዛገ ጣሪያ ከሁሉ በፊት ሊሞከር የሚገባው እርሱ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ዝገቱንም አብሮ ይገታልና።

ሳንድዊች ፓናል

በሁለት ላሜራ መካከል ፎም ወይም ሮክ ዉል ተሞልቶ ከፋብሪካ የሚወጣ ጣሪያ ነው። ፎሙ የተመረተው ቁጥጥር ባለበት ቦታ ስለሆነ የረጪ እጅ ጣጣ የለውም፤ ከሥርም ከላይም ብረት ስለሆነ የተጠናቀቀ ገጽ ይሰጣል። ጉዳዩ የሚመለከተው ግን አዲስ ለሚሠራ ወይም ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ ለሚቀይር ሰው ነው። ዋጋውም ከቆርቆሮ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቆርቆሮ፣ ከመከላከያና ከኮርኒስ ድምር ጋር መነጻጸር አለበት፤ እንዲያ ሲታይ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከሚመስለው ያነሰ ነው። ነጭ ፎም የተሞላበት ፓናል አንዴ እሳት ከገባበት በብረቶቹ መካከል ስለሚነድ ውኃ አይደርስበትም፤ ሰው ለሚበዛበት ሕንጻ ሮክ ዉል የተሞላበት ይመረጥ።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የቀን ሙቀት | የሌሊት ብርድ | የዝናብ ድምፅ | ላብ | እሳት | ነቅሎ መውሰድ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ጠንካራ የሚረጭ ፎም | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | ይነድዳል፤ መሸፈን አለበት | አይቻልም | ከፍተኛ |
| ግላስ ዉል ወይም ሮክ ዉል ከጂፕሰም ኮርኒስ ጋር | ጥሩ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | በፕላስቲክና በአየር ክፍተት ብቻ | አይነድድም | ይቻላል | መካከለኛ |
| ነጭ ፎም ቦርድ | ጥሩ | ጥሩ | ደካማ | መገጣጠሚያው ከታሸገ መካከለኛ | ይነድዳል፤ ይንጠባጠባል | ይቻላል | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ፎይል ከአየር ክፍተት ጋር | ጥሩ | ደካማ | ምንም ያህል አይጠቅምም | ደካማ | እንደ ዓይነቱ | ይቻላል | ዝቅተኛ |
| ነጭ ቀለም | ጥሩ | የለውም | የለውም | የለውም | አይመለከተውም | አይመለከተውም | ከሁሉ ዝቅተኛ |
| ሳንድዊች ፓናል | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | በውስጡ ባለው ይወሰናል | በከፊል | ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

ኮርኒስ ያለው መኖሪያ ቤት በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ ወይም በመሳሰሉት ከተሞች ላለው ሰው ከኮርኒሱ በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ግላስ ዉል መዘርጋት በቂ ነው፤ ከዚህ በላይ መሄድ የኪስ ጉዳይ እንጂ የፍላጎት አይደለም። ችፑዱ ያረጀ ከሆነና ጩኸቱ ዋናው ቅሬታ ከሆነ ኮርኒሱን ወደ ጂፕሰም ቦርድ መለወጡ ፎም ከማስረጨት የበለጠ ውጤት ያመጣል። ከዚያ በፊት ግን የጣሪያው እንጨት ተጨማሪውን ክብደት መሸከሙን ባለሙያ ይየው። ትምህርት ቤቶችና አዳራሾች ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ዝናብ ሲመጣ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ የሚጠብቅበት ክፍል የሚፈልገው ሱፍና ክብደት ነው።

በደብረ ብርሃንና በመሰል ብርዳማ ከተሞች ጠዋት ጠዋት ጣሪያው ለሚያልበው ቤት፣ በተለይም ኮርኒስ ለመምታት ከፍታ ለሌለው፣ ጠንካራ የሚረጭ ፎም ዋጋውን ያወጣል። ቅድመ ሁኔታው ቆርቆሮው አዲስ ወይም ዝገት የሌለው፣ ሚስማሩ የተፈተሸ፣ እንጨቱም የደረቀ መሆኑ ነው። አሥር ዓመት አልፎት እዚህም እዚያም የሚያፈስ ቆርቆሮ ላይ ፎም ማስረጨት በዚያ ጣሪያ ላይ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው። ኮንቴይነር ሱቅ፣ ኮንቴይነር ቢሮና ቅስት መጋዘን ያለው ሰውም ወደ ፎም ቢሄድ አይሳሳትም፤ ሽፋኑን ግን አይርሳ። ነባር ሕንጻን ወደ ማቀዝቀዣ መጋዘን የሚለውጥም እንዲሁ ነው፤ አዲስ የሚሠራው ግን ሳንድዊች ፓናልን ቢያስቀድም ይሻለዋል።

በድሬዳዋ፣ በሰመራና በጋምቤላ ኤር ኮንዲሽነር ለሚያሠራ ሰው ወፈር ያለ መከላከያ የመብራት ክፍያውን ስለሚቀንስለት ፎምም ሆነ ፓናል ያዋጣዋል። ኤር ኮንዲሽነር ለሌለው ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፤ ነጭ ቀለም፣ ቀጥሎ ከኮልሞው ሥር ሙቅ አየር የሚወጣበት ክፍተት፣ ቀጥሎ ፎይል ከኮርኒስ ጋር። ቤቱን በሚገባ አሽጎ አየር ማስወጫ አለመተው በቆላ ማታውን እንደ ቀኑ ያደርገዋል።

ተከራይ የሆነ፣ ወይም ቤቱ በመልሶ ማልማት ሊነሳ ይችላል ብሎ የሚጠራጠር ሰው ተነቅሎ የማይወሰድ ነገር ላይ ገንዘቡን ማፍሰስ የለበትም። ነጭ ፎም ቦርድ በቀጭን እንጨት ተይዞ፣ ከሥሩ በችፑድ ተሸፍኖ ቢገጠም በሚለቅበት ቀን አብሮት ይሄዳል።

በጀቱ እጅግ የጠበበ ከሆነ ሥራውን በአንድ ክረምት መጨረስ አያስፈልግም። በመስከረም ዝናቡ ሲቆም የሚያፈሱት ሚስማሮች ይቀየሩ፣ አሸንዳው ይጠረግ፤ በበጋው ቀለሙ ይቀባ፤ ግላስ ዉሉ ደግሞ ሰው ከሚተኛበት ክፍል ተጀምሮ እንደ አቅም ወደ ሳሎን ይዝለቅ።